እልፍኙን አይተን ጓዳውን ጠየቅን፦ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ሕይወት

ማኅበራችን ለአባላቱ ካዘጋጃቸው የትምህርት ጉዞዎች አንዱ ወደ አዲስ አበባ ነበር። ከየቁጠባ ቡድኑ የተመረጥን እናቶችና እህቶች ከቦንጋ ተነሥተን፣ ታድሶ ለጎብኚ የተከፈተውን የአፄ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን ቤተ መንግሥት ከነአትክልት ቦታው ጎበኘን። በማግስቱ ደግሞ እንጦጦ ወጥተን የቀድሞ ቤታቸውን አየን። ለቀሩት አባሎቻችንና ጉዞውን ለደገፉልን ወዳጆቻችን ያየነውን በጽሑፍ እንድናቀርብ ስንጠየቅ፣ ከግንቡና ከአበባው ይልቅ የቤቱን እመቤት ሕይወት ለመጻፍ መረጥን። ቤቱን ያየ ሰው በሥዕልም ሊያየው ይችላል። የእመቤቲቱ ሕይወት ግን ለእኛ ለሴቶች፣ በተለይም ለካፋ ሴቶች፣ ቁጭ ብለን ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር አለው።

ይህን ስንጽፍ በመካከላችን አንድ ሐሳብ ብቻ አልነበረም። ገሚሶቻችን የእቴጌን ስም ስንሰማ ዐድዋ ይታወሰናል፤ ኩራትም ይሰማናል። ሌሎቻችን ደግሞ ከአያቶቻችን የሰማነው የካፋ መንግሥት የወደቀበት ዘመን ይታወሰናል። ሁለቱም እውነት ነው። ስለዚህ አንዱን አንሥተን ሌላውን ሳንደብቅ ሕይወታቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመተረክ ሞክረናል።

ስለ ቤቱ በአጭሩ

ቤተ መንግሥቱ የሚገኘው ከፍልውኃ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። ግቢው ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። ለረጅም ዘመን ተራ ሰው የማይገባበት የመንግሥት ግቢ ነበር፤ ቤቶቹ ታድሰው፣ አትክልቱ ተተክሎ፣ አንድነት ፓርክ ተብሎ በመስከረም 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ለሕዝብ ተከፈተ። ለእድሳቱ የፈረንሳይ መንግሥትም ድጋፍ አድርጓል። በውስጡ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያና መኝታ ቤት፣ እንቁላል ቤት የሚባለውና አፄ ምኒልክ ከተማዋን በመነጽር ይመለከቱበት የነበረው ግንብ፣ ሹማምንትና ወታደር ግብር ይበላበት የነበረው ትልቁ አዳራሽ፣ ዙፋን ቤቱና ሌሎችም ይገኛሉ። በአትክልት ቦታው የሀገራችን ነባር ዕፅዋት ተተክለዋል፤ የየክልሉን ባህል የሚያሳዩ እልፍኞችም አሉ።

እንጦጦ ያለው ቤት ከዚህ በጣም ይለያል። በጭቃ ተመርጎ ኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው በሣር የተከደነ፣ ለንጉሥ ቤት ትንሽ የሚመስል ነው። እቴጌ ጣይቱ የንግሥና ኑሯቸውን የጀመሩት በዚህ ትንሽ ቤት ነው፤ ሕይወታቸው ያለፈውም ወደዚያው እንጦጦ ተመልሰው ነው። በመካከሉ ያለው ታሪክ ግን የአንዲት ሴት ብቻ ሳይሆን የሀገር ታሪክ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለማርያም ከሰሜን ገዢዎች ወገን ሲሆኑ፣ ታዋቂው ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ነበሩ። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር፤ በአፄ ቴዎድሮስ መነሣት የሰሜን መሳፍንት ኃይል ተሰበረ፤ የጣይቱም ቤተሰብ ከነበረበት ከፍታ ወረደ። ትልቅ ስም ይዞ ሀብትና ሥልጣን ያጣ ቤተሰብ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ከልጅነታቸው አወቁት።

በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ የማይገኝ አንድ ነገር ግን አገኙ፤ እሱም ትምህርት ነው። በጎጃም በደብረ መዊ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፤ ንባብና ጽሕፈት ተማሩ፤ ግእዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥ ይጫወቱ፣ ቅኔና ግጥም ይወዱ እንደነበር ተጽፏል። ብዙ መኳንንት ደብዳቤያቸውን በጸሐፊ በሚያስጽፉበት ዘመን አንዲት ሴት የተጻፈውን ራሷ አንብባ መረዳቷ ቀላል ነገር አልነበረም። ይህ ችሎታ በኋላ ምን እንደጠቀመ ወደ ፊት እንነግራችኋለን።

የትዳር ዕድላቸው በመጀመሪያ አልሰመረም። ገና በልጅነታቸው ተዳሩ፤ ከዚያም በኋላ ከአንድ በላይ ትዳር አደረጉ፤ ሁሉም ፈረሰ። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባትን ሴት ሰፈሩ ዕድለ ቢስ ብሎ ስም ያወጣላታል። ጣይቱ ግን ያለፈውን ትዳር እንደ ነውር ተሸክመው ቤት አልተቀመጡም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከወይዘሮ ባፈና ከተለያዩ በኋላ፣ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት በአንኮበር መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው ተጋቡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ሠላሳዎቹ የገባ፣ ብዙ ያዩ፣ ሰው የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ከዚህ ትዳር ልጅ አልወለዱም። ሆኖም በዚያ ቤት ከማንም በላይ የሚሰማ ቃል የነበራቸው እሳቸው ነበሩ።

ከተማ የቆረቆሩ ሴት

እንጦጦ ለጦር አመቺ፣ ለኑሮ ግን ብርዳም ነው። ማገዶውም እየራቀ ሄደ። እቴጌ ከተራራው ሥር ወዳለው ፍልውኃ እየወረዱ መታጠብ ያዘወትሩ ነበር። ቦታው ሞቃት፣ መስኩ ሰፊ፣ ውኃው ቅርብ ነበር። በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መጀመሪያ የእቴጌ ቤት፣ ቀጥሎ የመኳንንቱ ሰፈር፣ ከዚያ የንጉሠ ነገሥቱ ግቢ ተተከለ፤ ዋና ከተማው ከተራራ ወደ ሜዳ ወረደ። ዛሬ የአፍሪካ መሪዎች የሚሰበሰቡባት ከተማ የተመረጠችው በአንዲት ሴት ዓይን ነው። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት የኦሮሞ ነዋሪዎች ነበሩበት፤ ይህንንም ታሪኩን ስንተርክ መዝለል አይገባንም።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሳቸው ማኅተም፣ የራሳቸው ግዛት፣ የራሳቸው ጦር፣ የራሳቸው ሠራተኞች ነበሯቸው።

የእቴጌ ትልቁ የሥራ ቦታ ጓዳ ነበር። ይህን ስንል ዝቅ ለማድረግ አይደለም። በዚያ ዘመን መንግሥት የሚጸናው በግብር ነው፤ ወታደሩ ሲጠግብ ይታዘዛል፤ ሹሙ በማዕድ በክብሩ ሲቀመጥ ቅር አይለውም። ማን ከማን በፊት ይገባል፣ ለማን ብርንዶ ይቀርባል፣ ለማን ጠጅ ለማን ጠላ ይቀዳል የሚለው ሁሉ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ እቴጌ ያዘጋጁት ግብር ለቀናት የቆየ ነበር፤ የወጡ ዓይነትና የመጠጡ ብዛት በዜና መዋዕል ሳይቀር ተዘርዝሮ ተጽፏል። ለአንድ ሠርግ ድግስ ተጠርተን ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣን እኛ፣ በሺህ ለሚቆጠር ሰው በየጊዜው እንዲህ ማሰናዳት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የእህሉን ክምችት ማወቅ፣ የቅመሙን ልክ መቁጠር፣ የሥጋውን ቀን ማስላት፣ የሰውን ጠባይ መያዝ ይጠይቃል። ይህ የአስተዳደር ሙያ ነው።

አንድ ቃልና አንድ ምንጭ

እቴጌ ጣይቱ በመላው ዓለም የታወቁት በጣሊያን ምክንያት ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአንቀጽ 17 ላይ ሁለት ፊት ነበረው። በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመነጋገር ብትፈልግ በጣሊያን በኩል ማድረግ ትችላለች ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ነገሩ ሲታወቅና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ለማግባባት ሲመጣ፣ እቴጌ በንግግሩ ተቀምጠው አንዲት ቃል እንዳትለወጥ ጠንክረው ተከራከሩ። አንብቦ መረዳት ጥቅሙ እዚህ ላይ ታየ። ሳያነቡ የፈረሙት ወረቀት ሀገርንም ቤትንም ያስወስዳል። ከእኛ መካከል ያልገባንን የብድር ወረቀት በጣት አሻራ ያጸደቅን ስንቶች ነን?

ጦርነቱ ሲመጣ እቴጌ እቤት አልቀሩም፤ በሺህ የሚቆጠር የራሳቸውን ጦር ይዘው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። በጥር 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች መቀሌ ላይ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ገብተው አልበገር ባሉ ጊዜ፣ የምሽጉ ውኃ ከውጭ ከምንጭ የሚቀዳ መሆኑ ታወቀ። እቴጌ ምንጩን በራሳቸው ሰዎች አስያዙ። ጠላት በመድፍ ያልለቀቀውን ምሽግ በጥማት ለቀቀ። ውኃ ከየት እንደሚቀዳና ቢቋረጥ ቤት እንዴት እንደሚሆን ከማንም በላይ የምታውቀው እንስራ የተሸከመች ሴት ናት፤ ስለዚህ ይህ የጦር ዘዴ አያስገርመንም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድሉ ሲገኝም፣ በእቴጌ ትእዛዝ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ለተዋጊው ውኃ አመላልሰዋል፤ ቁስለኛም አንሥተዋል። የአብዛኞቹ ስም አልተጻፈም።

በካፋ በኩል ሲታይ

ከዐድዋ ድል አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጦሩ ወደ እኛ መጣ። ራስ ወልደጊዮርጊስ ዋናው አዝማች ነበሩ፤ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ሌሎች መኳንንትም፣ የጅማው አባ ጅፋርም ተባበሩ። ካፋ ለዘመናት በጥልቅ ጉድባና በጫካ የተከበበች፣ የራሷ ንጉሥና የራሷ የምክር ሥርዓት የነበራት ሀገር ነበረች። በቦንጋ ገበያ ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህንንም መሸፋፈን አይገባም።

የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከመናገሻቸው ከአንደራቻ ወጥተው በጫካ እየተዘዋወሩ ለወራት ተከላከሉ። በ1890 ዓ.ም. መባቻ፣ በመስከረም መጀመሪያ ላይ ተማረኩ። በሰንሰለት ታስረው ከሀገር ሲወጡ፣ ጎጀብን ሲሻገሩ የጣታቸውን ቀለበት አውልቀው ወደ ወንዙ እንደወረወሩ ይተረካል። መጀመሪያ የተወሰዱት ወደ አንኮበር ነው፤ ያም ምኒልክና ጣይቱ የተጋቡበት ከተማ ነው። በኋላ ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ በግዞት እንዳሉም አረፉ። የካፋ ዘውድም ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ለነበረው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ተሰጥቶ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው። ያው ኢልግ የመጀመሪያውን የቧንቧ ውኃ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያስገባ ሰው ነው።

ከንጉሡ ጋር የሄደው ንጉሡ ብቻ አልነበረም። በዘመቻውና ከዘመቻው በኋላ ብዙ የካፋ ሴቶች፣ ልጆችና ወንዶች ተማርከውና ተሸጠው ወደ ሰሜን ተወሰዱ፤ ብዙ መንደር ጠፍ ሆነ። በዚያ ዘመን የመኳንንት ቤት ሁሉ በባሪያ ጉልበት ይጠቀም ነበር። ወፍጮ የሚፈጨው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው፣ እንጀራ የሚጋገረው በአብዛኛው በእነዚህ እጆች ነው። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያውም እቴጌ ካረፉ ከ24 ዓመት በኋላ።

ትልቁን አዳራሽ ስናይ ከመካከላችን አንዲት እናት ወጥ ቤቱ የት እንደነበር ጠየቁ። ጥያቄው ሁላችንንም ያዘን። በዚያ አዳራሽ የተቀመጠው ሹም ስሙ ተጽፏል፤ ያስተናገዱት እመቤት ስማቸው ተጽፏል። ለወጡ ሽንኩርት የከተፈችው፣ ኮረሪማውን የፈለፈለችው፣ ጥምዙን የወቀጠችው ሴት ግን ስሟ የለም። ኮረሪማውና ጥምዙ ከእኛ ጫካ የሚወጣ ቅመም ነው፤ ከወቀጡትም ሴቶች መካከል ከእኛ ምድር የተወሰዱ ሊኖሩ እንደሚችሉ ማሰብ ይከብዳል፤ አለማሰብ ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ይህን የምንጽፈው እቴጌን ለመክሰስ አይደለም፤ ለማመስገን ብቻም አይደለም። ሰው በዘመኑ ይኖራል፤ ዘመኑ የሠራው ግፍ ደግሞ ዘመኑ ስላለፈ ግፍ መሆኑ አይቀርም። ውኃ የተሸከሙትን የዐድዋ ሴቶች ስም ባለማወቃችን የምናዝን ከሆነ፣ በግድ ውኃ የቀዱትን ሴቶች ስም ባለማወቃችንም ማዘን አለብን። የአንዲትን ታላቅ ሴት ሥራ ማድነቅና የሌሎችን ሴቶች መከራ ማስታወስ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ።

ሆቴሉ

እቴጌ በኋለኛው ዘመናቸው የሠሩት አንድ ሥራ በተለይ ለእኛ ለነጋዴ ሴቶች የሚነገር ነው። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆቴል ከፈቱ። በዚያን ጊዜ ለእንግዳ ምግብ ማቅረብ ወግ ነው እንጂ ንግድ አልነበረም። በልቶ ገንዘብ መክፈል ለበይውም ለአብሳዩም ነውር ይመስል ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰው ደፍሮ እንዲገባ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እንደገቡ ይነገራል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመካከላችን ቡና አፍልታ መሸጥ የጀመረች፣ ቆጮና ማር ገበያ ያወጣች ሁሉ፣ የቤት ሙያ እንዴት ለገንዘብ ይሸጣል የሚለውን ሐሜት ቀምሳዋለች። እቴጌ የጓዳን ሙያ ዋጋ አውጥተው በሂሳብ ያስገቡት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ሆቴሉ ዛሬም ፒያሳ ላይ በስማቸው ይጠራል። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ብዙ ቢጎዳውም ከነታሪኩ ቆሟል።

ከቤታቸው የወጡበት ቀን

አፄ ምኒልክ ሕመም ሲጸናባቸው የመንግሥቱ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ እቴጌ እጅ ገባ። ሹም ሾሙ፣ ሻሩ፣ ጋብቻ አጋቡ። በራሳቸው ወገን ያሉትን ከፍ አደረጉ፤ ብዙ መኳንንትም ቂም ያዙባቸው። ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውም ሞግዚት ተባሉ። ራስ ተሰማ ከካፋ ዘማቾች አንዱ የነበሩት ናቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው እቴጌ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ። አንድ ቀን የሀገር ገዢ፣ በማግስቱ አስታማሚ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መናገር ያቃታቸውን ባላቸውን አስታመሙ። በቤቱ ውስጥ በሽተኛ ያስታመመች ሴት የዚህን ሥራ ድካም ታውቀዋለች፤ ሌሊቱም ቀኑም አንድ ነው። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ እቴጌ ከመረጡት ከተማ፣ ካቆሙት ቤት ወጥተው ወደ አሮጌው የእንጦጦ ቤት ተላኩ። ሐዘናቸውን እንኳ በወጉ ሳይቀመጡ ከቤታቸው ወጡ።

ከእንጦጦ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ የሚታየው ራሳቸው ስም ያወጡላት ከተማ ነው። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወርደው የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥት ሲሆኑም እቴጌ ወደ ቤተ መንግሥቱ አልተመለሱም። ወደ ጎንደር ሄደው በአባቶቻቸው ሀገር ለመኖር ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ፤ በዚያው በእንጦጦ ማርያም ተቀበሩ። በኋላ አፅማቸው ወርዶ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባለቤታቸው አጠገብ ዐርፏል።

በሰንሰለት የመጡት ታቶ ጋኪና በክብር የነገሡት እቴጌ ጣይቱ በምንም የማይመሳሰሉ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ግን ወደሚወዱት ሀገር እንሂድ ቢሉ የማይፈቀድላቸው ሆነው ሞቱ። ሥልጣን በሰው እጅ ሲሆን እንዲህ ነው።

ለእኛ የሚሆን ቁም ነገር

በመመለሻችን መንገድ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ስለነበረን የተነጋገርነው ብዙ ነው፤ ሦስቱን ብቻ እናንሣ።

የመጀመሪያው ስለ ስም ነው። እቴጌ ጣይቱ ማኅተም፣ ጦርና ግዛት ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ያ ሁሉ የቆመው በባላቸው ጤና ላይ ስለነበር ባል ሲታመም ወደቀ። በዘመናቸው ከዚህ የተሻለ መብት ለንግሥትም አልተጻፈም። ዛሬ ግን ተጽፏል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴት ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ መሬት የመጠቀም መብቷ እኩል ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም መያዝ ይገባዋል። ይህ መብት በወረቀት ላይ ተጽፎ በሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ አይጠቅምም። ባሏ ከሞተ ወይም ከታመመ በኋላ ደብተሩ ላይ ስሟ እንደሌለ ያወቀች እህት በመካከላችን አለች። ንግሥትን ከቤቷ ያስወጣ ነገር ገበሬ ሴትን ለማስወጣት ጊዜ አይፈጅበትም።

ሁለተኛው ስለ ብቻ መሆን ነው። እቴጌ ብርቱ ነበሩ፤ ነገር ግን በመጨረሻ ብቻቸውን ቀሩ። ዙሪያቸው የነበሩት ወይ ዘመዶቻቸው ወይ አገልጋዮቻቸው እንጂ እኩል የሆኗቸው ሴቶች አልነበሩም። እኛ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሆነ ከማኅበራችን ተምረናል። የቁጠባ ሣጥናችን ሦስት ቁልፍ ያለው፣ ቁልፎቹም በሦስት ሴቶች እጅ የሆኑት ለዚህ ነው። አንዷ ብትታመም ሁለቱ አሉ፤ አንዷ ብትሳሳት ሁለቱ ያያሉ። ማንም ሴት ለብቻዋ ንግሥት አይደለችም፤ ማንም ሴት ለብቻዋ አትወድቅም።

ሦስተኛው ስለ መታሰቢያ ነው። የአዲስ አበባው ቤት ጣሪያው ተጠግኖ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ አትክልቱ ተኮትኩቶ ለልጆች ይታያል፤ መልካም ሥራ ነው። በእንጨትና በሣር የተሠራው የአንደራቻው ቤተ መንግሥት ግን እንደዚያ ለጎብኚ አልቆየም። እንጨት ይበሰብሳል፤ ታሪኩ ግን በእናቶቻችን አፍ ውስጥ አለ። እንሰት ሲፋቅ፣ ቡና ሲለቀም የሚተረከውን ካልጻፍነው ከእነሱ ጋር ይቀበራል። የቡና መገኛ ተብለን እንግዳ ከዓለም ዙሪያ ወደ ጫካችን ይመጣል፤ ቦንጋም የብሔራዊ የቡና ሙዚየም መቀመጫ ናት፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተማ ሆናለች። ለእንግዳው የምንነግረው የጫካውን ታሪክ ብቻ ሳይሆን በጫካው ውስጥ የኖሩትን፣ ከእሱም የተወሰዱትን ሴቶች ታሪክ ጭምር ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ለየቡድኑ ሁለት ሥራ እንዲሰጥ ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ አቅርበናል። አንደኛው፣ እያንዳንዷ አባል የይዞታ ደብተሯን ይዛ መጥታ ስሟ መኖሩን ማንበብ በሚችሉ እህቶች ፊት እንድታረጋግጥ፤ ማንበብ የማትችለውም በዚያው ሰበብ የፊደል ትምህርቷን እንድትጀምር ነው። ሁለተኛው፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ያሉባቸው ቡድኖች የሚያስታውሱትን የአያትና የቅድመ አያት ሴቶች ስም በደብተር እንዲጽፉ ነው፤ የት እንደተወለዱ፣ ለማን እንደተዳሩ፣ ከሀገር የተወሰዱ ካሉም ወዴት እንደተወሰዱ። ደብተሩን ማኅበሩ ይገዛል። እስክሪብቶውን ይዛችሁ ኑ።